የመመለሻው ቀን

ሰኞ

«እድሳት ነው በሏቸው፤ ደስ ብሏቸው ይሂዱ።»

ይህን ያለው የቴአትር ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በስልክ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ እያሰርኩ ነበር። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ግን ሰው ሲያዳምጥ እጁን የሚያስይዘው ነገር ያስፈልገዋል።

እንግዲህ እድሳት ነው። ደስ ብሎን እንድንሄድም ይፈልጋል። ይህን ሰውዬ ስንት ዓመት በሆዴ ሳማው ኖርኩ! ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም መድረኩ ላይ ሰበሰበና «ረጅም ዕረፍት» አለን። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረንም፤ ደስታችንን በቁጥር ሊያጥረው አልፈለገም መሰለኝ።

ባሌ የመድረክ ሥዕል ሠሪ ነው። ቤተ መንግሥት፣ ገበያ፣ እስር ቤት፣ ጫካ አምጣ ሲሉት በሸራና በጣውላ ያመጣል። እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ጥግ ዝቅ ባለች ወንበር ተቀምጬ፣ ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋበት በሹክሹክታ አቀብላለሁ። ቃል አቀባይ ልባል ይገባኝ ነበር፤ ስሙን የመንግሥት ሰዎች ቀደሙኝ።

ማታ ዜናውን ነገርኩት። ብሩሾቹን እያጠበ ነበር።

«ባሕር» አለ። ብሩሹን የሻይ ብርጭቆው ውስጥ ነከረው፤ ከዚያ ሻዩን ጠጣው።

ይህ ሰው ከማንም መርከበኛ የበለጠ ባሕር ሠርቷል። ማዕበል የሚነሳበት፣ ፍቅረኛ የሚሸኝበት፣ ንጉሥ የሚሰምጥበት ባሕር ሁሉ የሱ ነው። ሁሉንም የቀዳው ግን ከአንድ የጥርስ ሐኪም ካላንደር ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም። እኔም አላየሁም፤ እኔ ግን ስላልሳልኩት ውሸቴ ያንሳል።

ረቡዕ

የውጭ አገር ጉዞው ተወሰነ። መጀመሪያ ያረጁት ከተሞች፣ ከዚያ የባሕር ዳሮቹ። ግንቡ ያልፈረሰው ከተማ፣ ድልድይ የበዛበት ከተማ፣ ቤቶቹ ደረጃ ላይ ደረጃ ሆነው ወደ ውሃው የሚወርዱበት ትንሽ ከተማ። በየሄድንበት እንቆያለን። «እንደ ፖስታ ማኅተም እየተመታን አንለፍ» አለ ባሌ።

በኛ ሙያ ማንም ሰው በትንሹ በካርቶን ሳያየው ትልቁን አይሠራም። ስለዚህ ባሌ የምግብ ጠረጴዛውን ጠርጎ ግንቡ ያልፈረሰውን ከተማ በጫማ ሳጥን መሥራት ጀመረ። ራታችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን በላን።

ልጃችን ከሥራ ስትወጣ ብቅ አለች። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሁሉን ነገር በመጠን ትወዳለች። ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«እማዬ፣ ሰው ለጉዞ ቲኬት ነው የሚቆርጠው። አባዬ ለምንድነው ካርቶን የሚቆርጠው?»

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለ ባሌ፣ መቀሱን ሳያነሳ።

«ላም አለኝ በሰማይ የሚባልም አለ።»

«ላሚቱን እሠራታለሁ። ካርቶን ተርፏል።»

ዓርብ

በጥድፊያ። ቲኬት ቢሮ። ልጅቷ ፈገግታዋ ደስ ይላል፣ ጥፍሯ ረጅም፣ የምትጽፈው በጣቷ ሆድ ነው። መሄጃ ቀን፣ ጥሩ። ከተሞቹ፣ ጥሩ። «የመመለሻ ቀንስ እናቴ?» አለችኝ።

«ቴአትር ቤቱ ከሚከፈትበት ምሽት በፊት።»

«እሱ መቼ ነው?»

ጠይቄ እመጣለሁ አልኳት። ቶሎ በይ አለችኝ፤ በባሕር ዳር ከተሞቹ መካከል የምትመላለሰው ትንሽ መርከብ ወቅቱ ካለፈ አትሠራም። መርከቧ ከቀረች ባሕሩ ቀረ ማለት ነው፤ ግንብ ብቻ አይተን እንመለሳለን።

ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ብድግ አለልኝ! ወንበር ሳበልኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ከዚህ በፊት ከዚህ ቢሮ ያገኘሁት ትልቁ ግብዣ «በሩን ዝጊው» ነበር።

«የመክፈቻው ምሽት መቼ ይሆናል?» አልኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይዝናኑ። ስለ መክፈቻ አይጨነቁ።»

«የምጨነቀው ለቲኬቱ ነው።»

«ለእርስዎ ያልተዝናና ለማን ሊዝናና ነው!» አለ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ እሱም የገባው አልመሰለኝም። ተዋናይ ቢሆን ቃሉ ጠፍቶታል ብዬ አቀብለው ነበር። ግን የጠፋውን ቃል አላውቀውም።

ስወጣ አዳራሹ ባዶ ነው። ወንበሮቹ የሉም።

«አዲስ ጨርቅ ሊለብሱ ሄዱ?» ብዬ ዘበኛውን ጠየቅኳቸው። እኛ ከመቀጠራችን በፊት ጀምሮ እዚያ በር ላይ ያሉ ሽማግሌ ናቸው።

«የሠርግ አዳራሽ ነው የወሰዳቸው፣ ልጄ።»

የሠርግ አዳራሾች ወንበር እንደሚያለብሱ አላውቅም ነበር። ሰው ሳይማር ይሞታል።

ሐሙስ

የጉዞው ልምምድ ተጀመረ። ያለ ልምምድ መድረክ ላይ የወጣ ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን።

ልጃችን አስተናጋጅ ሆነች፣ ሶፋው ሆቴል። ባሌ በባዕድ ቋንቋ «መስኮቱ ወደ ባሕር የሚያይ ክፍል» ማለት ነበረበት። «መስኮቱ» ድረስ በጀግንነት ሄደና ቆመ። እኔ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሆኜ አቀበልኩት። ተቀበለኝ፤ እንደገና ቆመ፤ እንደገና አቀበልኩት።

«እማዬ፣ ቁም ሣጥኑን ይዘሽው ልትሄጂ ነው?» አለች ልጃችን።

በመሃል ንጉሡ መጣ። ንጉሡ የምንለው በሥራ ዘመኑ ሙሉ ከንጉሥ በታች ሠርቶ የማያውቀውን ተዋናያችንን ነው። የቆንስላ ሹም ሁንልን ብለነው ነበር። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተቀመጠ፤ ባሌን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘው።

«ወደ ግዛታችን ለምን መጣህ?»

«ባሕር ለማየት።»

«ባሕራችንን ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ተነሣና ሞት ፈረደበት። ልጃችን ይግባኝ ጠየቀች፤ በምሕረት ወደ ግዞት ተቀየረ። በሳቅ ሆዴን ይዤ መሬት ተቀመጥኩ። እንዲህ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው?

ሻይ ስንጠጣ ንጉሡ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ሥራ ማግኘቱን ነገረን።

«ለዕረፍቱ ጊዜ ነዋ» አልኩት።

ንጉሡ ባሌን አየው። ባሌ ኮላውን ደፋው፤ ግንቡ ያልፈረሰው ከተማ ግማሹ ከጠረጴዛው ልብስ ጋር ተጣበቀ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ከተማውን በማዳን ተጠመደ፤ ወሬው ቀረ።

እሑድ

ዝናብ። ቤት ውስጥ ሦስተኛው ከተማ ተጠናቋል፤ ደረጃ ላይ ደረጃ፣ መስኮቶቹ በምላጭ የተቆረጡ። ጠረጴዛው ስላልበቃ ወደ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጥቷል። ዜና የምናየው ከሁለት ሰገነት መካከል ነው። ከተሞቹ ሁሉ ብርሃን የሚያገኙት ከግራ ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኩት፤ «የኛ ትልቁ መብራት በግራ አይደል እንዴ?» አለኝ። ፀሐይም የቴአትር ቤታችን ሠራተኛ ናት ማለት ነው።

ማታ ጉዳዩን አነሳው፤ እንዳልሰማ እየሸሸሁት ቆይቼ ነበር።

«ክፍት ቲኬት እንቁረጥ። የመመለሻው ቀን ሳይጻፍ።»

«መጨረሻው ሳይታወቅ የተጀመረ ተውኔት አይተህ ታውቃለህ?»

«ብዙ። አንቺው ነሽ ያቀበልሻቸው።»

«የመክፈቻው ምሽት ወንበሬ ባዶ ሆኖ ቢገኝስ? አሁን በየቦታው ስክሪን ነው የሚያደርጉት ይባላል፤ ቃሉ እየተጻፈ ይሄዳል። እነሱ እስክመለስ አይጠብቁኝም።»

የአንዱን ቤት ጣሪያ በጣቱ ጫን አድርጎ ያዘ፤ የሚጣበቅ ነገር ሲይዝ ትዕግሥቱ ገደብ የለውም። ከዚያ በቀስታ፣ «አንቺ ሴትዮ» አለኝ፣ «እኔ በዚህ ዓመት ባሕሩን ካላየሁ መቼም አላየውም። አሞኝ አይደለም። አውቀዋለሁ ብቻ።»

ለምን እንዲህ እንዳለ አልጠየቅኩትም። ባል ሁሉን ነገር አይጠየቅም። «ይህ ተውኔት ይለቅና» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ፣ በየዓመቱ። ስንቱ ተውኔት አለቀ! እሱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አኩርፎ አያውቅም፤ ባሕር በፈለገ ቁጥር ሸራ ይወጥራል።

ነገ እንደገና ሥራ አስኪያጁን እጠይቃለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው የምፈልገው። አንድ ቀን ምን ይጎድልበታል?

ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጁ የለም። ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛውም የለም። እድሳቱን ከላይ ጀምረውታል ማለት ነው፤ ለሹም ቅድሚያ መስጠት የተለመደ ነው።

መድረኩ ላይ ሁለት ሰዎች ሜትር ዘርግተው ይለካሉ። ደስ አለኝ። አጠገባቸው ሄጄ፣ «ስፋቱ ሊጨምር ነው?» አልኩ።

አንደኛው፣ ራሱ ላይ ቢጫ ቆብ ያደረገው፣ «እማማ፣ እኛ የምንለካው ስንት መኪና እንደሚያስገባ ነው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። መድረክ ላይ መኪና ሊያወጡ ነው አልኩት፤ ዘመናዊ ተውኔት ላይ የማይደረግ የለም፤ ተዋናዮቹ ቃላቸውን ቢረሱ ቢያንስ ጡሩምባ ይነፋሉ።

መቀሱን አስቀመጠና መጥቶ አቀፈኝ። ያለ ምንም ምክንያት። እጁ ሁሉ ኮላ ነበር፤ ሹራቤ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ደርቆ ቆሟል።

ረቡዕ

ነገ ቆንስላ። ልጃችን ሸሚዙን ተኮሰችለት። የጆሮውን ጠርዝ ሰማያዊ ቀለም አልለቅም አለ፤ በተርፔንታይን አሸነው። የነዳጅ ማደያ ይሸታል እንጂ ንጹሕ ነው።

ሐሙስ

ለዝንተ ዓለም አልረሳውም። በደንብ ልጻፈው።

መስኮቱ ላይ መስተዋት አለ፤ ከኋላው ፊቷ የደነደነ፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ጠያቂ። ባሌ ፊት ለፊቷ ቆመ፤ እኔ ከበስተኋላው፣ ወደ ግራ ጠጋ ብዬ። ሳላስበው የዘወትር ቦታዬን ይዣለሁ።

«ሥራዎ ምንድነው?»

ባሌ ከቁም ነገር ሰው ጋር ሲነጋገር ይደርቃል። ደረቀ።

«የመድረክ ሥዕል» አልኩ፤ ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ።

«የመድረክ ሥዕል» አለ።

«የት የት ነው የሚሄዱት?»

«ግንቡ ካልፈረሰው ከተማ እንጀምርና...» አቀበልኩት፤ ተቀበለ። ግሩም እየሄደ ነበር። የኔ ሹክሹክታ መድረኩ መሃል ድረስ ይደርሳል፣ የመጀመሪያው ረድፍ ጋ አይወርድም፤ ሙያዬ እሱ ነው። ከመስኮቱ ሥር ማይክሮፎን መኖሩን ግን አላየሁም።

ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ማነው የሚናገረው?»

ባሌ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።

«አባቴ፣ መልሱን የሚሰጥዎት ሰው አለ? ማን ምን በሉ ብሎ ልኮዎታል?»

ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ አንገቱን አስግጓል። ሠላሳ ዓመት ሰው አድኜ በአንድ ቀን ባሌን ልገድለው ነው አልኩ በሆዴ። ብቅ ብዬ፣ «እኔ ነኝ እመቤቴ፤ ሥራዬ ነው» አልኳት። አስረዳኋት። በደንብ አላመነችኝም፤ ግን ይህን የሚያህል ውሸት ሰው ፈጥሮ አያመጣም ያለች መሰለኝ።

«እርስዎ ወዲያ ይሁኑ። እሳቸው ራሳቸው ይመልሱ።»

ወዲያ ሆንኩ።

«አባቴ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። እዚህ የሚመልስዎ ምንድነው? ለምን ተመልሰው ይመጣሉ?»

ባሌ ወደኔ ዞረ። መልሱን ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ተለማምደነዋል! «የቴአትር ቤታችን መክፈቻ ምሽት ላይ መገኘት አለብን» ነው። አልቻልኩም፤ ከቆምኩበት አቀበልኩት። መስማቱን ከዓይኑ አየሁ። ቃሌን ሰምቶ፣ ልክ እንደ ሰው ስጦታ በሁለት እጁ ይዞ፣ አስቀመጠው። አልተናገረውም።

ወደ መስተዋቱ ተመለሰና፣ «ሳሎኔ ውስጥ ሦስት ከተማ ትቼ ነው የምሄደው» አላት። «ኮላው ገና አልደረቀም።»

ሴትየዋ አየችው። ቀጥሎ ስለ ከተሞቹ ጠየቀችው፤ እሱም ያ ድርቀቱ ሁሉ ጠፍቶ፣ የትኛው ቤት ከጫማ ሳጥን፣ የትኛው ከመድኃኒት ካርቶን እንደሆነ በእጁ እየሠራ አሳያት። የደወሉ ማማ ልጁ ያመጣችለት የሳል ሽሮፕ ማሸጊያ ነው ሲላት ያ የደነደነ ፊት ተፈታ። ሳቀች! በማይክሮፎኑ ሳቋ አዳራሹን ሞላው፤ ከኋላ የተሰለፉትም ሳይገባቸው ሳቁ።

ፈቀደችልን።

ደረጃውን ስንወርድ እጄን ያዘኝ፤ እንደ ጎረምሳና ኮረዳ እየሮጥን ወረድን። ታች ስንደርስ ግን፣ «ያቀበልኩህን ለምን አልተናገርከውም?» አልኩት።

«ረሳሁት» አለ።

ይህ ሰው መዋሸት አይችልም። በሥራ ዘመኔ ቃሌን ሰምቶ ያልተቀበለኝ የመጀመሪያው ሰው ባሌ ሆነ። ቅር ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

ቅዳሜ

ቴአትር ቤቱ ጋ ዞር አልኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ወንበሬን አምጥተው ሰጡኝ፤ ያቺን ዝቅተኛዋን።

«ይህቺን የጠየቀ የለም፤ ውሰጃት ልጄ።»

በእድሳቱ እንዳትበላሽ ብለው ነው አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሽማግሌው፣ «አዎ እንዳትበላሽ» አሉ፤ ያወጡት ድምፅ ግን ቃሉ ለጠፋበት ሰው የማቀብልበት የኔው ድምፅ ነበር። በደንብ አውቀዋለሁ፤ ለስላሳ ነው፣ ማንንም አያሳፍርም።

ወንበሬን አቅፌ በአውቶቡስ ተመለስኩ። አንድ ወጣት ቦታውን ሊለቅልኝ ተነሣና ወንበሩን ሲያይ ግራ ገባው።

ሰኞ

ቲኬት ቢሮ። ብቻዬን።

«እናቴ፣ መርከቧ ልታመልጣችሁ ነው እኮ! የመመለሻውን ቀን አመጡ?»

«ክፍት አድርጊው» አልኳት።

«መክፈቻው...?»

«ክፍት።»

ደስ አላት፤ ቶሎ ቶሎ መታችው። እኔም ደስ አለኝ፤ መንገድ ላይ በሩጫ ቀረሽ እርምጃ ሄድኩ። ለባሌ ስሰጠው አገላበጠው፣ ቀኑ ሊኖርበት የሚገባውን ባዶ ቦታ አየ፣ ከዚያም እኔን አየኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ሚስትም ሁሉን ነገር አትጠየቅም።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ዳንስ አይችልም። ድልድይ ከበዛበት ከተማ ሁለት ድልድይ ሰበረ።

ዓርብ

ማሸግ። ሦስት ጊዜ አሸግን፣ ሦስት ጊዜ ፈታን። ልጃችን የሆድ፣ የራስ፣ የማቅለሽለሽ፣ የትንኝ መድኃኒት በየከረጢቱ አድርጋ መጣች።

«ልትሸኚን ነው ወይስ ልትቀብሪን?» አላት አባቷ።

«አባዬ፣ ባሕር ውስጥ እንዳትገባ። ከዳር ሆነህ እይ።»

«እገባለሁ።»

«መዋኘት አትችልም!»

«እቆማለሁ።»

ንጉሡም መጣ፤ የጥርስ ሳሙና በካርቶን ይዞልን። በሩ ላይ ቆሞ ግዞታችንን በይፋ ሻረልን። ሲስመኝ ግን ንጉሥነቱ ጠፍቶ፣ «እትዬ፣ ለኔ ስንቴ አቀበልሽኝ!» አለኝ። ስትመለሺ ታቀብይኛለሽ አላለም። ሽቶው ዓይኔን አቃጠለኝ።

የካርቶን ከተሞቹ ተጠናቅቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ከደረጃዎቹ ግርጌ ባሕሩ ሊሆን የሚገባው ካርቶን ነጭ ነው። ያ ሁሉ ሰማያዊ ቀለም ቤት ውስጥ ሞልቶ!

«ቀባው እንጂ» አልኩት።

«አላየሁትማ» አለኝ።

እሑድ፣ አውሮፕላን ማረፊያ

በጥድፊያ፣ ጉልበቴ ላይ። ገና አልጠሩንም። ልጃችን ስታለቅስም ስትስቅም ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሳቁ አሸነፈ፤ አባቷ ፍተሻው ላይ ቀበቶውን ሲያወልቅ ሱሪው ስለወረደ። ፈታሹ እንኳ ፊቱን አዞረ። አሁን መስኮቱ ላይ ተለጥፎ አውሮፕላን ይቆጥራል፤ የኛ የትኛው እንደሆነ አልተነገረውም፣ ሁሉንም በፍቅር ያያል። ዞሮ «ነይ እዪ!» ይለኛል በየደቂቃው። እንዲህ ፊቱ በርቶ ያየሁት መቼ ነው? በዕድሜዬ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እውነቴን ነው።

ስንመጣ ባሌ ታክሲውን በዳር መንገድ ውሰደን ብሎት ነበር፤ ሾፌሩ መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ በመሃል ከተማ አመጣን። በቴአትር ቤቱ በኩል አለፍን። ቴአትር ቤቱ ይጋርደው የነበረው የወዲያኛው መንገድ ከታክሲው መስኮት ታየኝ፤ አንድ ልብስ ሰፊ ቤትና አንድ ዛፍ አለ። ከዚህ በኩል ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር።